ፊት ያቀላል የሚባለው ቅባት

ሐሙዲ መስጊድ አጠገብ ወዳለው ማዕከላዊ ገበያ ስንወጣ ፊት ያቀላሉ የሚባሉ ቅባቶችና ሳሙናዎች ተደርድረው እናያለን። ከተማሪዎቻችንም የሚቀቡ አሉ። «ቀላሽ፣ አማረብሽ» የምንላቸው እኛው አዋቂዎቹ መሆናችንን አንክድም።

ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የፀሐይን ጎጂ ጨረር ይከላከላል። በጅቡቲ ፀሐይ ይህን መከላከያ ማሳሳት ደግ አይደለም። ከቅባቶቹ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው። ሜርኩሪ ሜላኒን እንዳይሠራ ያግዳል፤ ፊት የሚቀላውም በዚህ ነው። ነገር ግን በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ከፎጣና ከትራስ ደግሞ ወደ ሕፃናት ይተላለፋል። ማሸጊያው ላይ «ካሎሜል» የሚል ቃል ካለ ሜርኩሪ ማለት ነው፤ ምንም ያልተጻፈበት ዕቃ ደግሞ የባሰ ያሠጋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና ጅቡቲም የተቀበለችው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸውን እንዲህ ያሉ ቅባቶች ማምረትንም ማስገባትንም ይከለክላል።

የሶማሌ እናቶች ፊታቸውን የሚታጠቡበት ቃሲል ሌላ ነው። በአገራችን ቁርቁራ ከምንለው ዛፍ ወገን የሚገኝ የቅጠል ዱቄት ሲሆን በውሃ ሲለወስ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ያጥባል እንጂ አያቀላም።

ወላጆች፣ ቅባቱን የጀመረች ልጅ ካለች አትቆጧት። ማሸጊያውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።