አንድ የተሰረቀ ካርቶን የሃያ ካርቶን ትርፍ ይዞ ይሄዳል

ከመርካቶ ሸቀጥ ጭኖ በፒክአፕ የሚወጣ ነጋዴ የነዳጁን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የሹፌሩን ሒሳብ አስልቶ ይነሳል። መንገድ ተዘግቶ መኪናው በቆመበት ከኋላ ስለሚነሳው ካርቶን ግን የሚያሰላው ጥቂት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንዱን ካርቶን በ1,000 ብር ገዝቶ በ1,050 ብር የሚሸጥ ነጋዴ ትርፉ 50 ብር ነው። አንድ ካርቶን ቢሰረቅበት የሌሎች 20 ካርቶኖች ትርፍ ለኪሣራው መሙያ ይውላል። ስለዚህ ጭነትን ከሌባ መጠበቅ ለሹፌሩ ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን የንግዱ ወጪና ገቢ አካል ነው።

መጀመሪያ የኋላው ስፖንዳ

የተለመደው ስህተት ውድ ክዳን አሠርቶ የኋላውን ስፖንዳ ሳይቆልፉ መተው ነው። በብዙ ፒክአፖች፣ በተለይ በቆዩት፣ ስፖንዳው ቁልፍ የለውም፤ እጀታው ሲሳብ ይከፈታል። ስፖንዳው ራሱም የሚሰረቅ ዕቃ ነው። በብዙዎቹ መኪኖች መያዣዎቹ ተፈትተው በከፊል ዘንበል ሲል ከማጠፊያው ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ለስፖንዳው ቁልፍ ይሁን። ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛም ሆነ የሚያሻሽጥ ሰው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይመልከት።

ምን ዓይነት ክዳን?

ሸራ ከዝናብና ከዓይን ይከልላል፤ በምላጭ ግን ይቀደዳል። ዋጋው ዝቅተኛና ግዙፍ ለሆነ ጭነት ይበቃል። ለኤሌክትሮኒክስ፣ ለመለዋወጫና ለመድኃኒት ግን የሚቆለፍ ጠንካራ ክዳን ያስፈልጋል።

በብየዳ የሚያሠራ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ የማጠፊያው ቡሎኖች ከውጭ በመፍቻ የሚፈቱ ከሆነ ቁልፉ ዋጋ የለውም፤ ዳዶዎቹ ወደ ውስጥ ይዙሩ ወይም ይበየዱ። ሁለተኛ፣ ቀለበቱ ረጅምና ቀጭን የሆነ ጓጉንቸር ለብረት መቁረጫ ይመቻል፤ አጭርና ወፍራም ይመረጣል። ሦስተኛ፣ የክዳኑ ክብደት ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል፤ በከባድ ላሜራ የተሠራ ሣጥን በየጉዞው የሚጫነውን ዕቃ ይቀንሳል።

ከሥር የተንጠለጠለችው ስኮርታ ጎማም አትረሳ፤ በሰንሰለትና በቁልፍ ትታሰር።

ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ

ውድ ውድ ዕቃ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ፣ ከባዱና ርካሹ ከኋላ ይጫን። መኪናው ሲቆም ኋላው ወደ ግድግዳ ተጠግቶ ይቁም፤ ስፖንዳው ወርዶ የሚከፈትበት ቦታ አይኖረውም። ሹፌሩ ሒሳብ ሊቀበል ሲወርድ ረዳቱ ከመኪናው አይለይ። ጭነቱ ሲጫን ተቆጥሮ ሹፌሩ ይፈርም፤ በየማውረጃውም ቀሪው ይቆጠር። ያልተቆጠረ ዕቃ የት እንደጠፋ አይታወቅም፤ ንጹሑ ሹፌርም አብሮ ይጠረጠራል።

መድኑን አንብቡ

«መኪናዬ መድን አለው» ማለት ጭነቱም መድን አለው ማለት አይደለም። በአዋጅ የተደነገገው አስገዳጅ የሦስተኛ ወገን መድን መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለባለቤቱ ሸቀጥ አይደለም። የመኪናው ሙሉ መድንም በተለምዶ የሚሸፍነው ተሽከርካሪውን ነው። ለሸቀጡ የአገር ውስጥ ጉዞ የጭነት መድን ለብቻው ይጠየቃል። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ስርቆትን ይጨምር እንደሆነ፣ መኪናው ያለ ጠባቂ ቆሞ ቢሰረቅስ ይከፍል እንደሆነ መጠየቅ ያሻል። የግዢ ደረሰኝና የፖሊስ ማስረጃ የሌለው ጥያቄ ደካማ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቁልፍ የሚገዛው ካርቶኑ ከሄደ በኋላ ከሆነ ዋጋው የቁልፉና የካርቶኑ ድምር ነው።