«የደንበኝነት ቴሌቪዥን» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ሻይ ቤት የተነሣ ክርክር ነው። አንዱ ጓደኛችን «የክፍያ ቴሌቪዥንና የደንበኝነት ቴሌቪዥን አንድ ናቸው» አለ፤ ሌሎቻችን አይደሉም አልን። ነገሩ የቃል ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ውል የሚፈርም ሰው ምን እንደ ገዛ የሚለየው በቃሉ ስለ ሆነ እንመርምረው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እንግሊዞች «ሰብስክሪፕሽን» የሚሉት ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ ፍችውም ከሥር መጻፍ፥ ይኸውም በውል ግርጌ መፈረም ነው። የእኛ «ደንበኛ» ደግሞ «ደንብ» ከሚለው ይወጣል፤ ዘወትር የሚመላለስ ገዢም፥ ትክክለኛ የሆነ ነገርም ደንበኛ ይባላል። በሁለቱም ቋንቋ ከገንዘቡ ይልቅ ጐልቶ የሚሰማው ውሉ ነው።

መክፈል ብቻውን ደንበኛ አያደርግም። በ1953 በካሊፎርኒያ፥ በፓልም ስፕሪንግስ ከተማ፥ ቴሌሜተር የተባለ መሣሪያ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ሳንቲም ሲጐርስ ፊልሙን ይከፍት ነበር። ሒሳቡ በየፊልሙ ስለ ነበረ ነገሩ ለሲኒማ ቤት ቲኬት ይቀርባል። ብሪታንያዊውም ለቢቢሲ የፈቃድ ገንዘብ ይከፍላል፤ ይህ ግን ሕግ የጣለበት እንጂ ወዶ የገባበት ውል አይደለም። በኅዳር 1972 በፔንሲልቬኒያ፥ በዊልክስ ባሪ ከተማ ሥራ የጀመረው ኤችቢኦ ሌላ ነው፤ ደንበኛው ፊልሙን ቢያይም ባያይም በየወሩ ይከፍላል። እንግዲህ የደንበኝነት ቴሌቪዥን ሁሉ የክፍያ ነው፤ የክፍያው ሁሉ ግን የደንበኝነት አይደለም።

ስሙ ራሱ ጠብ አስነሥቶ ያውቃል። በካሊፎርኒያ አንድ ኩባንያ ራሱን «የደንበኝነት ቴሌቪዥን» ብሎ ሰየመ፤ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ግን «ነጻው ቴሌቪዥን ይዳን» እያሉ ሕዝቡን ቀሰቀሱ። ማን ነጻ ነገር ይጠላል! በ1964 ሕዝቡ በድምፅ አገደው፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 እገዳው የመናገር ነጻነትን ይነካል ብሎ ሻረው፤ ኩባንያው ግን እስከዚያ ድረስ ሥራውን አቁሞ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ቃሉ ይበልጥ ይጠላለፋል። የእንግሊዝ ኳስ በክፍያ የሚታይበትን ቤት ሁሉ «ዲኤስቲቪ ቤት» እንለዋለን፤ የአንድ አገልግሎት ስም የቤት ስም ሆነ ማለት ነው። ያ ጓደኛችን ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ ከፍሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ ራሱን ደንበኛ ይላል። ለቤቱ፥ አዎን፥ ደንበኛ ነው። ለጣቢያው ግን ደንበኛው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ተመልካች ባይመጣም የወሩ ሒሳብ የሚጠየቀው እሱ ነውና። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ጥቂት አሰበና «እንዲያስ ከሆነ የሻዩን እናንተ ክፈሉ» አለን።