የጻፉት ቢት ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ኤስቲኤም32ኤፍ407 ላይ የኤስፒአይ1 ድራይቨር እየጻፍኩ ነው። በሲአር1 ሬጅስተር የማስተር ቢቱን 1 አደርጋለሁ፤ መልሼ ሳነበው ግን 0 ነው። ቺፑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ቺፑን ለመጠርጠር ገና ነው። መጀመሪያ ሲአር1ን ሙሉውን ያንብቡት። ሁሉም ቢት 0 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የኤስፒአይ1 ክሎክ ስላልተከፈተ ነው፤ ክሎክ የሌለው ፔሪፈራል የሚጽፉበትን አይቀበልም፣ ሲያነቡትም 0 ይመልሳል። በአርሲሲ ስር ባለው ኤፒቢ2ኢኤንአር ሬጅስተር ቢት 12ን 1 ያድርጉት።

ሌሎቹ ቢቶች ተቀምጠው ማስተሩና ማስነሻው ኤስፒኢ ብቻ ከጠፉ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፈውም እዚህ ላይ ነው። ቢት 9ን፣ ማለትም ኤስኤስኤምን፣ 1 አድርገው ቢት 8ን፣ ኤስኤስአይን፣ 0 ከተዉት ሃርድዌሩ የኤንኤስኤስ መስመር ዝቅ እንዳለ ይቆጥራል። ሌላ ማስተር መስመሩን ይዞታል ብሎ የማስተር ቢቱንና ኤስፒኢን ራሱ ያጠፋቸዋል፤ በኤስአር ሬጅስተርም ቢት 5፣ ኤምኦዲኤፍ፣ ይበራል። እሱ እንደበራ ማስተሩን እንደገና ማብራት አይቻልም። ስለዚህ ኤስአርን ያንብቡ፣ ቀጥሎ ኤስኤስኤምንና ኤስኤስአይን አብረው 1 አድርገው ሲአር1 ላይ ይጻፉ፣ ማስተሩን ከዚያ በኋላ ያብሩ።

አንድ ነገር አደራ፦ ይህን ሲፈትሹ የዲበገሩን የሬጅስተር መስኮት ዲአር ላይ ከፍተው አይተዉ። ዲበገሩ ዲአርን ባነበበ ቁጥር የአርኤክስኤንኢ ምልክት ይጠፋል፤ ጤናማው ኮድዎም የተወሰደበትን ባይት ሲጠብቅ ይቀራል።