ራእይ ትእዛዝ ሲሰጥ

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ሰሞኑን ስለ ምዕራባውያን የአስማት ማኅበራት ሳነብ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። እንግሊዛዊው አስማተኛ አሌስተር ክራውሊ እ.ኤ.አ. በ1909 ማሳተም በጀመረው «ዘ ኢኩዊኖክስ» መጽሔት ላይ ዘዴው የሳይንስ፣ ዓላማው የሃይማኖት እንደሆነ ያውጃል። ደቀ መዛሙርቱንም የየዕለት ልምምዳቸውን በማስታወሻ እንዲጽፉ ያስገድድ ነበር። አስማትና ሳይንስ አብረው ይኖራሉ እንዴ?

ጋሼ፦ ኖረዋል እኮ ልጄ። አስቀድመሽ እነዚህን ሰዎች ያልተማሩ አድርገሽ እንዳትገምቻቸው። በ1888 ለንደን ውስጥ «ወርቃማው ንጋት» የተባለውን ማኅበር ካቋቋሙት ከሦስቱ አንዱ ዊልያም ዊን ዌስትኮት ሐኪም ነበር፤ መተዳደሪያውም ድንገት የሞቱ ሰዎችን አሟሟት መመርመር ነው። ባለቅኔው ዊልያም በትለር ዬትስ በ1890 ገባ። ተዋናይዋ ፍሎረንስ ፋር የማኅበሩ መሪ እስከ መሆን ደርሳለች። ከአንዱ ማዕርግ ወደ ሌላው ለማለፍ የዕብራይስጥ ፊደላትን፣ የከዋክብትን ምልክቶች፣ ካባላ የተባለውን የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት አጥንቶ መፈተን ግድ ነበር። አእምሮ ከደጅ አልቀረም ማለት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ከገባ በኋላ ምን ሥራ ተሰጠው የሚለው ነው።

ወጣቷ፦ ምን ሥራ ተሰጠው?

ጋሼ፦ ይህን አጥርቶ የሚያሳየው ከእነሱ 300 ዓመት ቀድሞ የኖረ ሰው ነው፤ ከሥርዓታቸው ከፍተኛ የሚሉትን ክፍል የወሰዱትም ከእሱ ነው። ጆን ዲ ይባላል። የንግሥት ኤልሳቤጥ አማካሪና የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ የኤውክሊድ መጽሐፍ በ1570 በእንግሊዝኛ ሲታተም መቅድሙን የጻፈው እሱ ነው። በ1582 ኤድዋርድ ኬሊ ከሚባል ሰው ጋር ተገናኘ። ሁለቱ እንዴት ይሠሩ እንደነበር ልብ በይ። ዲ ይጸልያል። ኬሊ ጠረጴዛው ላይ ወደ ተቀመጠው ድንጋይ አተኩሮ ያያል፤ ያየውንና የሰማውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ዲ ከጎኑ ብዕሩን ይዞ ሁሉንም ይጽፋል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመልአኩን አለባበስ፣ ድምፁ የተቋረጠበትን ቦታ ሳይቀር። በ1584 ክራኮው ላይ መላእክቱ ጸሎቶችን ሲነግሯቸው ቃላቱ ከኋላ ወደ ፊት፣ ፊደል በፊደል ነበር የሚነገሩት፤ ዲ ያንንም ሳይሰለች ጻፈው። እንዲህ ያለ ትጉህ ጸሐፊ በታሪክ ውስጥ ብዙ አታገኚም።

ወጣቷ፦ ዲ ራሱስ ያይ ነበር?

ጋሼ፦ እሱ ከድንጋዩ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ነገር አያይም። አየሁ የሚለው ኬሊ ነው። እንግዲህ ተመልከቺ፤ የሒሳብ ሊቁ አእምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ ችሎት ላይ እንደተቀመጠ ጸሐፊ ነበር፤ የተባለውን ሁሉ ይመዘግባል፣ ፍርድ ግን አይሰጥም። ይህ ለአምስት ዓመት ያህል ጉዳት የሌለው መስሎ ቀጠለ። በ1587 ቦሄሚያ ውስጥ ትሬቦን በምትባል ከተማ ሳሉ ግን፣ ማዲሚ የምትባለው መንፈስ በኬሊ አፍ አንድ ትእዛዝ አመጣች፤ ሁለቱ ሰዎች ሚስቶቻቸውን በጋራ እንዲይዙ።

ወጣቷ፦ ምን አሉ?

ጋሼ፦ ዲ ደነገጠ። ዕድሜው 59 ነበር፤ ባለቤቱ ጄን ደግሞ የልጆች እናት ናት። እሷ እንደሰማች እየተንቀጠቀጠች አለቀሰች፤ ይህንንም በገዛ እጁ ጽፎታል። በመጨረሻ ግን ትእዛዙ ከላይ ነው ብሎ ተቀበለ፤ አራቱም ቃል ኪዳን ፈረሙ። ብዙም ሳይቆይ የሁለቱ ሥራ ፈረሰ፤ ዲ በ1589 ያለ ኬሊ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። የጄንን ልቅሶ የመዘገበው ብዕር፣ «ይህን ትእዛዝ ያመጣው ማነው? የሚጠቀመውስ ማን ነው?» ብሎ አንድ መስመር ቢጨምር ኖሮ፣ ያቺ ሴት ያን መከራ ባላየች ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የምናደደው በኬሊ አይደለም፤ በዲ ነው። መጠየቅ የሚችለው እሱ ነበርና።

ወጣቷ፦ የሄኖክ ቋንቋ የሚሉት ከዚያ የመጣ ነው አይደል?

ጋሼ፦ አዎ። መላእክቱ የሚነግሩት ለሄኖክ የተገለጸውን ጥበብ እንደሆነ ተነገረው፤ የወርቃማው ንጋት ሰዎችም ያንን ወርሰው የሥርዓታቸው ጫፍ አደረጉት። እዚህ ላይ ለእኛ የሚሆን ነገር አለ። ዲ በድንጋይ ውስጥ የሄኖክን ጥበብ ሲፈልግ፣ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን በግዕዝ በእኛ አገር ገዳማት ነበር፤ ይነበባል፣ ይገለበጣል። አውሮፓ ውስጥ ከቁርጥራጭ በቀር አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ እስኪመለስ ድረስ እንደጠፋ መጽሐፍ ነበር የሚቆጠረው። ምሥጢር የሚባለው ነገር አንዳንዴ ሌላ ሰው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚገኝ መጽሐፍ ነው።

ወጣቷ፦ ክራውሊ ግን ይፈትናል ይላሉ። በ1904 ካይሮ ላይ ሚስቱ ሮዝ መልእክት መጥቷል ስትለው፣ ስለ ግብፁ አምላክ ስለ ሆረስ ጠይቆ እንደፈተናት ጽፏል። ወደ ሙዚየም ወስዷት ሳታውቀው ወደ አንድ የጥንት ግብፅ የመቃብር ሰሌዳ ጠቆመች፤ የዕቃው ቁጥር ደግሞ 666 ሆኖ ተገኘ። ይህ ምርመራ አይደለም?

ጋሼ፦ ምርመራን ይመስላል። ፈታኙ ማነው? ክራውሊ። ውጤቱን የመዘነው? ክራውሊ። ለእኛ የተረከልን? ራሱ ክራውሊ። ቁጥሩ 666 መሆኑ ያስደነገጠውም አስቀድሞም ራሱን ከዚያ ቁጥር ጋር ያያይዝ ስለነበር ነው። ቁጥሩ 418 ወይም 93 ቢሆን ኖሮስ? ለእነዚህም በካባላ ስሌት ትርጉም ነበረው። የትኛውም መልስ ትክክል የሚሆንበት ፈተና ማንንም አይጥልም። የእኛን አውደ ነገሥት ታውቂዋለሽ፤ የሰውየው ስምና የእናቱ ስም በፊደል ቁጥር ተደምሮ በ12 ይገደፋል፣ ከዚያ ኮከቡ ይነገራል። ስሌቱ ራሱ ንጹሕ ሒሳብ ነው፤ አንድም ስህተት የለበትም። ግን የስም ድምር ስለ ሰው ዕጣ ይናገራል የሚለውን መነሻ ሒሳቡ አልመረመረም። ክራውሊም ጋ አእምሮ እጅግ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ከመነሻው በኋላ ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ሁሉም ውሸት ነው ልበል?

ጋሼ፦ አይ፣ እሱ ደግሞ ሌላው ስንፍና ነው። ሰዎቹ የሆነ ነገር ደርሶባቸዋል። ፈላስፋው ዊልያም ጄምስ በኤዲንብራ ያስተማረውንና በ1902 ያሳተመውን የሃይማኖታዊ ገጠመኞች መጽሐፍ አንብቢ። ምሥጢራዊ ገጠመኝ በቃል አይገለጽም፣ እውቀት እንዳገኘ ሰው ያደርጋል፣ አጭር ነው፣ ሰውየውም ራሱ እንደሠራው ሳይሆን እንደተቀበለው ይሰማዋል ይላል። ፍርዱንም አስቀመጠ፤ ለደረሰበት ሰው ሥልጣን አለው፣ ሌላውን ግን ሊያስገድድ አይችልም። ጄምስ ይህን ከሩቅ ሆኖ አልተናገረም። ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ስቦ፣ የዓለም ተቃርኖ ሁሉ ሲታረቅ ያየ መሰለው። በዚያ ሁኔታ የጻፈውን ገጽ በገጽ ከነቃ በኋላ ሲያነበው ግን ትርጉም የለሽ ቃላት ሆኖ አገኘው። ልዩነቱ ይኸውልሽ፤ ዲ ጻፈ፣ ጄምስ ጽፎ መልሶ አነበበ።

ወጣቷ፦ እሱ ጋዝ ነው፤ ሥልጠና ሌላ ነው ይሉዎታል።

ጋሼ፦ ለሥልጠናም ምስክር አለን። ታንያ ሉርማን የምትባል አንትሮፖሎጂስት በ1980ዎቹ ለንደን ውስጥ አስማተኞች መካከል ገብታ አጠናች፤ መጽሐፏ በ1989 ወጣ። አብራቸው ሰለጠነች፤ በየቀኑ ዓይንን ጨፍኖ ምስልን አጥርቶ የማየት ልምምድ ነው ዋናው። አንድ ቀን ማለዳ ስትነቃ፣ ማታ ስለ ጥንቱ የብሪታንያ ዘመን ልብ ወለድ ስታነብ ያመሸች ናት፣ ከመስኮቷ አጠገብ ስድስት የጥንት ካህናት ቆመው አየች። ዓይኗን ገልጣ ነው ያየችው። ቀና ስትል ጠፉ። አስቢ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነቢይ ይሆናል። እሷ ግን አላየሁም ብላ አልዋሸችም፣ መጥተዋል ብላም አላወጀችም። ልምምዱ ምን አደረገኝ ብላ ጠየቀች፤ ያ ጥያቄ የዕድሜ ልክ ምርምር ሆኗት ቀረ። በሰዎቹም ላይ ያየችው ይህንኑ ነው፤ አንድ ቀን በክርክር ተሸንፈው አላመኑም። ልምምዱ ነገሮችን የሚያዩበትን መንገድ ቀስ በቀስ ለወጠው፤ ማስረጃ የሚሉትም አብሮ ተለወጠ።

ወጣቷ፦ የጥንቱ ፈላስፋ ያምብሊኮስ ግን ሰውን ከአማልክት ጋር የሚያገናኘው ማሰብ ሳይሆን ቅዱስ ሥርዓት ነው ብሎ ለፈላስፋው ለፖርፊርዮስ መልሶለታል። አእምሮ የማይደርስበትን አእምሮ እንዴት ይዳኛል?

ጋሼ፦ ትልቅ ሰው ነው የጠራሽው፤ ግማሹን እቀበለዋለሁ። በማሰብ ብቻ የማይደረስበት ነገር አለ፤ የሚጸልይ ሁሉ ያውቀዋል። የዚያን ደስታ ወይም ዝምታ ምንነት እኔ አልዳኝም። ነገር ግን ሰውየው ከዚያ ሲመለስ ወሬ ይዞ ከመጣ፣ ይህ ሆኗል፣ ያ ይሆናል፣ አንተ ይህን አድርግ ካለ፣ ወሬው ወደ እኛ አገር ገብቷል። እዚህ ደግሞ ምስክር ይጠየቃል። የወርቃማው ንጋት ነገር ያው ነው። ማኅበሩ የቆመው አና ሽፕሬንገል ከምትባል ጀርመናዊት መጣ በተባለ ደብዳቤ ፈቃድ ነበር። በ1900 ከመሥራቾቹ አንዱ ማተርስ ራሱ ደብዳቤዎቹን ዌስትኮት ፈጥሯቸዋል ብሎ ጻፈ፤ እነ ዬትስ ሲያጣሩ ማኅበሩ ተከፈለ። የታሪክ ጸሐፊው ኤሊክ ሃው በ1972 ሰነዶቹን መርምሮ ማጭበርበሩን ዘርዝሮ አሳተመ። በዚያ ሥርዓት ያለቀሱት፣ የተጽናኑት ሰዎች ዕንባ ግን ሐሰት አልነበረም። ደብዳቤውን መመርመር ዕንባውን አይሰርዝም፤ ዕንባውም ደብዳቤውን እውነተኛ አያደርገውም።

ወጣቷ፦ የዛሬዎቹ አስማተኞችስ? ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተነሱት እነ ፒተር ካሮል፣ እምነት መሣሪያ ነው፣ የሚሠራውን ያዝ ይላሉ።

ጋሼ፦ ብልህነት አለበት፤ ግን ሠራ የሚለውን ማን ይቆጥራል? ያልሠራውን ካልቆጠርሽ ሁሉም ይሠራል። በቅርቡ ዘመን ከነበሩት እኔ የማከብረው የእስራኤል ሬጋርዲን ምክር ነው። የወርቃማው ንጋትን ሥርዓት ከ1937 ጀምሮ ለሕዝብ ያሳተመው እሱ ነው። ያው ሰው፣ ወደዚህ ልምምድ የሚገባ ሁሉ አስቀድሞ ከሥነ ልቦና ሐኪም ጋር ይሥራ ሲል መክሯል። ከውስጥ የመጣ ምስክርነት ስለሆነ ከባድ ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። የጠየቅሁት ለንባብ ብቻ አይደለም። አብሮ አደጌ ከእነዚህ መጻሕፍት ተምሮ ሌሊት ሌሊት በተመስጦ ይቀመጣል። ድምፅ ይሰማኛል ይላል። ባለፈው ሳምንት ድምፁ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን እንዲተው ነግሮት ተወው።

ጋሼ፦ ይሄን መጀመሪያ አትነግሪኝም ነበር! የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ሰው ይሞትበታል። ሂጂና አግኚው። አልሰማህም ብለሽ አትከራከሪው፤ ሰምቷል። የፈለገውን ይስማ፤ መድኃኒቱን ግን የሚያቆምለት ያዘዘለት ሐኪም ይሁን በዪው። እንቢ ካለ ለእናቱ ንገሪ፤ ቢቀየምሽም ይቀየምሽ። ዛሬ ሳይመሽ ሐኪም ቤት አድርሱት።