የናውናክተ ኑዛዜ

ስለ ጥንት ግብጽ ሴቶች ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚሉን ሁለት ናቸው፤ ከላይ የፈርዖን ልጅ፣ ከታች ገረዲቱ አጋር። በመካከል ስለ ነበሩት ግን ብዙም አልተማርንም። እስቲ አንዷን እንመልከት።

ዴር ኤል መዲና የነገሥታትን መቃብር ከዐለት የሚፈለፍሉ ሠራተኞች መንደር ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1145 ዓመት ገደማ፣ በራምሴስ 5ኛ ዘመን፣ ናውናክተ የምትባል የአንድ ሠራተኛ ሚስት በሸንጎ ፊት ቀርባ ተናዘዘች። ቃሏ በፓፒረስ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይገኛል። ስምንት ልጆች አሳድጋ ጎጆ አስወጥታለች፤ ባረጀች ጊዜ ግን ሁሉም አልጦሯትም። ስለዚህ የራሷን ሀብት ለጦሯት አወረሰች፤ ለአንዱ ልጇማ የነሐስ ሳሕን ጨመረችለት! የቀሩትን ከአባታቸው ድርሻ አልነቀለቻቸውም፤ እርሱ የእርሷ አልነበረምና። ባሏም በኋላ ከልጆቹ ጋር ቀርቦ ኑዛዜውን አጸና። ልብ እንበል፤ ይህች ንግሥት አይደለችም።

በዚያ ሸንጎ ነጻ ሴት መሆኗን ተናግራለች። ይህን ቃል በዋዛ አንለፈው። በዚያችው መንደር ለየቤቱ እህል የሚፈጩ ባሪያ ሴቶች ነበሩ፤ የእነርሱ የሥራ ቀን እንደ ንብረት ተቆጥሮ ይሸጥ፣ ይወረስም ነበር።