ስካነሩን ከመሰካትህ በፊት፦ ለወጣቱ መካኒክ ስምንት ምክሮች

ልጄ፣ አቀስታ ላይ ጋራዥ ከፍተህ ስካነር መግዛትህን ስሰማ ደስ አለኝ። ትናንት የላክህልኝ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። «በጨረታ የወጣ የወታደር ኡራል መጥቶልኛል፤ ባለቤቱ ኮምፒውተር አስገባልኝ ይላል፤ ክብ ሶኬት አግኝቻለሁ፤ ልሰካ ወይ?» ብለሃል። አትሰካ። መጀመሪያ ይህንን አንብብ።

ከደሴ በጉጉፍቱ አድርጎ አቀስታን አልፎ መካነ ሰላም የሚዘልቀው መንገድ ላይ የወታደር መኪና አዲስ ነገር አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እህል ጭነው ወሎ ከገቡት መኪኖች መካከል የሶቪየት ሥሪቶች ነበሩበት። ከእነሱ በፊት ደግሞ በ1945 ዓ.ም. ከተፈረመው የጦር ስምምነት በኋላ የአሜሪካ መኪኖች መጥተዋል። እነዚህ መኪኖች ከጦር ሰፈር ወጥተው እህልና ድንጋይ ሲጭኑ ታገኛቸዋለህ። በደንብ ካወቅሃቸው ያገለግላሉ፤ ሳታውቃቸው ከነካሃቸው ያከስሩሃል።

1. መጀመሪያ የመኪናውን ትውልድ ለይ። ዚል 131 እና ኡራል 375 ባለ ካርቡረተር የቤንዚን ሞተር ናቸው። ኡራል 4320 እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን፣ የተለመደው ሞተሩ የካማዝ 740 ናፍጣ ነው፤ ስምንት ሲሊንደር፣ 210 የፈረስ ጉልበት። ፖምፓው ሜካኒካል ስለሆነ ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተር የለውም። ኮምፒውተር ከሌለ ደግሞ ስካነር የሚያናግረው የለም። አንድ ነገር ግን አረጋግጥ፤ በጨረታ የወጣ መኪና ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ኮፋኖውን ክፈትና ወደ ኖዝሎቹ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ሽቦ መኖሩን እይ። ሽቦ ካለ ሞተሩ ኮምፒውተር አለው። የብረት ቱቦ ብቻ ከሆነ ላይኖረው ይችላል፤ ፖምፓውንም አብረህ እይ።

2. ክብ የሆነ ሁሉ የምርመራ ሶኬት አይደለም። በወታደር መኪና ላይ ሦስት ዓይነት ክብ ሶኬት ታገኛለህ። አንደኛው ወፍራም ሆኖ ሁለት ትልልቅ መገናኛ ብቻ ያለው ነው። እሱ ባትሪ ሲደክም ከሌላ መኪና ኃይል ተቀብሎ ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ነው። ከባትሪው ጋር በወፍራም ገመድ የተያያዘ ስለሆነ ብረት ብታስገባበት እጅህን ያቃጥልሃል። ሁለተኛው ከኋላ በኩል ያለው የተሳቢ መብራት ሶኬት ነው፤ በሶቪየቶቹ ሰባት ፒን፣ በኔቶ ሥሪቶቹ አሥራ ሁለት ፒን አለው። ሦስተኛው፣ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ብቻ የሚገኘው፣ የምርመራ ሶኬት ነው። አንተ ያገኘኸው ከኋላ ከሆነ የተሳቢው ነው፤ ተወው።

3. አጽዳ፣ ከዚያ ቁጠር። የመንገዳችን ጭቃ ሶኬት ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ሲሚንቶ ይሆናል። ባትሪውን ንቀል፤ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ፈቅፍቀህ አውጣው። ውኃ አታስነካው። ከዚያ የእጅ መብራት አስጠግተህ ብታይ ከእያንዳንዱ ፒን አጠገብ ትንሽ የላቲን ፊደል ወይም ቁጥር ተቀርጾ ታገኛለህ። ክብ ሆኖ ስድስት ፒን ካለው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ከባድ መኪኖች ላይ የተለመደው ጄ 1708 ነው። ክብ ሆኖ ዘጠኝ ከሆነ ጄ 1939 ነው። ክብ ባለ አሥራ አራት ፒን ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው መርሴዲስ አክትሮስና ዘመዶቹ ናቸው። ክብ ባለ ሠላሳ ከሆነ ኢቬኮ ነው። በአሜሪካ ጦር ባለ አምስት ቶን ኤም 939 መኪኖች ላይ ደግሞ ብዙ ፒን ያለው ትልቅ ክብ ሶኬት አለ። እሱ የባትሪን ቮልትና የሞተርን ዙር የመሳሰሉትን በጦሩ መለኪያ ለማንበብ የተዘረጋ ሽቦ እንጂ የኮምፒውተር በር አይደለም። የትኛውም የገበያ ስካነር አያነበውም።

4. ሶኬቱ ስለገጠመ መሣሪያው ይግባባል ማለት አይደለም። አሥራ ስድስት ፒን ያለው ሶኬት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ ለትናንሽ መኪኖች ግዴታ ሆነ። ዛሬ በሲኖትራክም በአዳዲሶቹ አይሱዙዎችም ላይ ያው ቅርጽ አለ። ቅርጹ አንድ ቢሆንም የቶዮታ ስካነር የከባድ መኪናን ቋንቋ ላያውቅ ይችላል። ባለ ዘጠኙም እንዲሁ ነው፤ ጥቁሩ በሴኮንድ 250 ሺህ ቢት ያወራል፣ አረንጓዴው 500 ሺህ። ስለዚህ ስካነር ስትገዛ የትኞቹን መኪኖች እንደሚያነብ ዝርዝሩን ጠይቅ።

5. ሳትለካ አትሰካ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የአንድ ወዳጄን ስካነር ተውሼ አንድ የጭነት መኪና ላይ ሰካሁ። ሶኬቱ ገጠመ። ስክሪኑ አንዴ በርቶ ጠፋ፤ ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። መሣሪያው ለ12 ቮልት የተሠራ ነበር፤ መኪናው 24 ነበር። የወዳጄን ዕቃ ለመተካት ብዙ ወር ሠርቻለሁ። ከገንዘቡ ይልቅ ያመመኝ እሱን ማሳዘኔ ነው። መልቲሜትር በኪስህ ይኑር። በባለ አሥራ ስድስቱ ፖዘቲቩ 16ኛው ፒን ነው፤ ማሳው 4ኛውና 5ኛው። በባለ ዘጠኙ ፖዘቲቩ «ቢ»፣ ማሳው «ኤ» ነው። በባለ ስድስቱ ፖዘቲቩ «ሲ»፣ ማሳው «ኢ» ነው። ሞተር ሲሠራ 28 ቮልት ገደማ ካነበብክ መኪናው 24 ነው፤ ስካነርህ ያንን እንደሚችል ጀርባው ላይ ካልተጻፈ አትንካው።

6. የመረጃ መስመሩን በኦህም ፈትሽ። በባለ ዘጠኙ ሶኬት ባትሪው ተነቅሎ በ«ሲ» እና በ«ዲ» ፒኖች መካከል ለካ። 60 ኦህም አካባቢ ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው። በሁለቱ ጫፎች 120፣ 120 ኦህም ስላለ ሲጣመሩ 60 ይሆናል። 120 ካነበብክ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል። ወደ ዜሮ ከወረደ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ስካነሩ «አልተገናኘም» ሲልህ መኪናውን ወይም መሣሪያውን ከመርገምህ በፊት ይህንን ሥራ።

7. ሶኬት የሌለውን መኪና በዓይንና በጆሮ መርምረው። አብሽር፣ ኡራሉ ያለ ኮምፒውተርም ይታከማል። የማለዳው ብርድ ባትሪ ያደክማል፤ ሞተሪኖ ሲዞር የ24 ቮልቱ ባትሪ ከ18 በታች ከወረደ ባትሪውን፣ ገመዱንና የማሳውን ብሎን እይ። የእኛ ደጋ አየሩ ስስ ነው፤ የአምባ ፍሪት ተራራ እኮ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር እዚህ ጉልበት ማጣቱና ጥቁር ጭስ ማብዛቱ የከፍታው ነገር ሊሆን ይችላል። ፖምፓ ከመፍታትህ በፊት የአየር ማጣሪያውን አውልቀህ እይ። መኪናው ቆላ ሲወርድ ይሻለው እንደሆነም ሹፌሩን ጠይቅ።

8. ደብተር ያዝ። ለእያንዳንዱ መኪና ሶኬቱን በእጅህ ሳል፤ የፒኖቹን ቁጥር፣ ያነበብከውን ቮልት፣ ሶኬቱ የት እንደተደበቀ ጻፍ። ለነዚህ አሮጌ መኪኖች እዚህ መጽሐፍ የሚሰጥህ የለም። አንተ የጻፍከው ነው ነገ ለረዳትህ መጽሐፍ የሚሆነው።

ለባለቤቱም እውነቱን ንገረው፤ «መኪናህ ኮምፒውተር የለውም፤ በእጅ እፈትሽልሃለሁ» በለው። ስካነር አስገባሁ ብለህ ያልሠራኸውን ሥራ አታስከፍል። አቀስታ ትንሽ ከተማ ናት፤ የመካኒክ ስሙ ከመሣሪያው በላይ ይሠራለታል። ነገ ማለዳ መልቲሜትሩን ይዘህ ጀምር፤ ያገኘኸውን ጻፍና ላክልኝ።