ዋይፋዩን ያዳከመው ማን ነው?
በጀሞ ኮንዶሚኒየም የተደረገ አነስተኛ ሙከራ

እንደሚታወቀው ገመድ አልባ ኢንተርኔት፣ በተለምዶ ዋይፋይ የምንለው፣ ለዛሬ ተማሪ ከመማሪያ መጽሐፍ ያልተናነሰ መሣሪያ ሆኗል። ይሁን እንጂ መቆራረጥ ሲጀምር አብዛኞቻችን የምንወስደው እርምጃ በግምት ላይ የተመሠረተ ነው። አንዱ ራውተሩን አጥፍቶ ያበራል፤ ሌላው መስመሩን ይወቅሳል፤ ሦስተኛው ላፕቶፑን ለጥገና ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ ያጋጠመንን አንድ ችግር መነሻ በማድረግ፣ የዋይፋይ ብልሽት በፊዚክስ ላቦራቶሪ በምንጠቀምበት ዘዴ እንዴት እንደሚመረመር እንመለከታለን።

ችግሩና ተጠርጣሪዎቹ

ከተማሪዎቻችን አንዷ ከወላጆቿ ጋር በጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የመመረቂያ ጥናቷን ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ሲቀራት የላፕቶፗን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ሥራ በሙሉ የሚያስተባብረውን ሶፍትዌር፣ ወደ አዲስ እትም አሻሻለች። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ዋይፋዩ ይቆራረጥባት ጀመር። በማያ ገጹ ጥግ ያለው ምልክት ሙሉ ሆኖ እየታየ ገጾች አይከፈቱም፤ ከአማካሪዋ ጋር የምታደርገው የቪዲዮ ውይይትም መሐል ላይ ይቋረጣል።

ላፕቶፑን ያሳየችው ባለሙያ «ፎርማት ከመደረግ በቀር መፍትሔ የለውም» አላት። የአምስት ወር የላቦራቶሪ ልኬቷ ግን በዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበር። አባቷ ጥፋቱ የመስመሩ ነው ብለው ውሉን ለማቋረጥ አስበዋል። እናቷ በበኩላቸው የኤሌክትሪክ ምጣዱን ይጠረጥራሉ። እኛም የፊዚክስ ሰዎች በመሆናችን መጀመሪያ የጠረጠርነው የመኝታ ቤቷን ግድግዳ ነበር። እንደምናየው ተሳስተን ነበር።

ግድግዳው ምን ያደርጋል?

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት የድግግሞሽ ክልሎች በ2.4 ጊጋኸርዝና በ5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይገኛሉ። የብርሃንን ፍጥነት ለድግግሞሹ ስናካፍል የሞገድ ርዝመቱን እናገኛለን፤ ለመጀመሪያው 12.5 ሳንቲ ሜትር፣ ለሁለተኛው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ከብሎኬት፣ ምሰሶውና ወለሉ ደግሞ ብረት ካለው አርማታ የተሠሩ ናቸው። ብሎኬቱ የሞገዱን ኃይል በከፊል ይውጣል፤ በአርማታው ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ያንጸባርቀዋል። በአጠቃላይ 5 ጊጋኸርዝ ከ2.4 ጊጋኸርዝ ይልቅ በግድግዳ ይዳከማል።

የኃይሉ መጠን የሚነገረው በዲሲቤል ነው። ይህ ሚዛን ሎጋሪዝማዊ በመሆኑ 3 ዲሲቤል መቀነስ ኃይሉ በግማሽ፣ 20 ዲሲቤል መቀነስ ደግሞ ወደ አንድ መቶኛ መውረዱን ያመለክታል። ስለዚህ አንድ ላፕቶፕ በሳሎን -50፣ በመኝታ ቤት -70 ቢያነብ የሚደርሰው ኃይል በመቶ እጥፍ አንሷል ማለት ነው። 

ከዚህም ሌላ ነጸብራቅ አለ። አንዱ ሞገድ በቀጥታ፣ ሌላው ከግድግዳ ተንጸባርቆ ሲደርስ አንዳንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፤ አንዳንድ ቦታ ይጣፋሉ። ላፕቶፑን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ አንዳንዴ ለውጥ የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የነጸብራቅ ችግር ካቃለሉት አንዱ አውስትራሊያዊው ጆን ኦሳሊቫን ነው። ይህ ሰው ስቴፈን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1974 ካቀረበው ሐሳብ ተነሥቶ የሚፈነዱ ጥቃቅን ጥቁር ጉድጓዶችን የሬዲዮ ምልክት ሲፈልግ ነበር። ጉድጓዶቹን አላገኘም፤ ነገር ግን የተዛባ ምልክትን በፉሪየር ስሌት የማጥራት ልምዱን በ1990ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር በቤት ውስጥ ለሚንጸባረቅ ሞገድ አዋለው።

ስለዚህ ግድግዳውን መጠርጠራችን ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ግድግዳው ከማሻሻያው በፊትም እዚያው ነበር። ያልተለወጠ ነገር ለውጥን እንዴት ሊያመጣ ይችላል?

አራት ልኬቶች

ተማሪዋን ስንጠይቃት ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ አብረው እንደሚከሰቱ ተረዳን። ሳሎን ስትሠራ ላፕቶፑ በቻርጀር ላይ ነው፤ ሶኬቱ ከጠረጴዛው አጠገብ ነውና። መኝታ ቤት ስትሠራ ግን በአልጋው አቅራቢያ ሶኬት ስለሌለ በባትሪ ትጠቀማለች። ስለዚህ «መኝታ ቤት ይቆራረጣል» ስትል ሁለት ተለዋዋጮችን፣ ማለትም ቦታንና የኃይል ምንጭን፣ ሳታውቀው በአንድ ላይ ትለውጥ ነበር። ሁለቱን መለየት አስፈለገ።

ከሁሉ በፊት ግን የጥናቷን ፋይሎች በሙሉ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገለበጥን። ከዚያም ፒንግ የተባለውን ቀላል መሣሪያ ተጠቀምን። ፒንግ ወደ አንድ አድራሻ አጭር መልእክት ልኮ ምላሹ በስንት ሚሊሰከንድ እንደተመለሰ ይነግረናል። እኛም ሩቅ ያለ ድረ ገጽን ሳይሆን እዚያው ቤት ያለውን ራውተር ጠየቅን። ይህም የቤት ውስጡን የገመድ አልባ መንገድ ከውጪው መስመር ለይቶ ለመመርመር ያስችላል።

በየሁኔታው 100 መልእክት ላክን። ሳሎን በቻርጀር 100ውም ተመለሱ። መኝታ ቤት የኤክስቴንሽን ገመድ ዘርግተን በቻርጀር ስንሞክር 99 ተመለሱ። ሳሎን በባትሪ 11 ጠፉ፤ ከተመለሱትም ብዙዎቹ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ዘገዩ። መኝታ ቤት በባትሪ 14 ጠፉ።

ውጤቱ ግልጽ ነው። ቦታውን መለወጥ ያመጣው ልዩነት እጅግ አነስተኛ ሲሆን የኃይል ምንጩን መለወጥ ግን ሁሉን ነገር ለወጠ። አንባቢ በ11 እና በ14 መካከል ስላለው ልዩነት ሊጠይቅ ይችላል። እንዲህ ባለ ቆጠራ የሚጠበቀው መዋዠቅ በግምት የቁጥሩ ካሬ ሥር ነው፤ የ11 ካሬ ሥር 3 ገደማ በመሆኑ ከሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ምንም መደምደሚያ ማውጣት አይቻልም።

መስመሩና ምጣዱም በዚሁ ነጻ ወጡ። መልእክቶቹ የጠፉት ራውተሩ ዘንድ ሳይደርሱ ወይም ከእርሱ ሲመለሱ ስለሆነ ከቤት ውጪ ያለው መስመር አይመለከተውም። ምጣድ ደግሞ ሽቦ በማጋል የሚሠራና የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚጠቀም በመሆኑ በጊጋኸርዝ ክልል የሚረብሽ ሞገድ አያመነጭም። እርግጥ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ቮልቴጁ ወርዶ ራውተሩ ጠፍቶ ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ቢሆን ግን በስልክ የሚጠቀሙትም ይቋረጥባቸው ነበር፤ አልተቋረጠባቸውም። በአንጻሩ የምግብ ማሞቂያ ማይክሮዌቭ በ2.45 ጊጋኸርዝ ስለሚሠራ በእርግጥ ሊረብሽ ይችላል።

የሚያንቀላፋው ሬዲዮ

ባትሪ ከዋይፋይ ጋር ምን አገናኘው? በላፕቶፕ ውስጥ ያለው የሬዲዮ ካርድ ሲያዳምጥ ብቻ እንኳ ኃይል ይፈጃል። ስለዚህ የዋይፋይ ደንብ ካርዱ በየመሐሉ እንዲያንቀላፋ ይፈቅዳል። ካርዱ ተኝቶ ሳለ የመጣለትን መልእክት ራውተሩ ያቆይለታል። ራውተሩ አብዛኛውን ጊዜ በየ102.4 ሚሊሰከንዱ የሚያሰራጨው አጭር ማስታወቂያ አለ፤ ካርዱ በዚያ ሰዓት ነቅቶ «የእኔ መልእክት አለ?» ብሎ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ነገሩ የኮንዶሚኒየም ጥበቃ ዘንድ የተተወን ዕቃ በቀጠሮ ሰዓት እንደ መውሰድ ነው። ባለቤቱ ቀጠሮውን ካሳለፈ ዕቃው ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይጠፋል።

ካርዱ መቼ እንዲተኛና መቼ እንዲነቃ የሚያደርገው ድራይቨር የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ድራይቨር በኦፐሬቲንግ ሲስተሙና በካርዱ መካከል ያለ አስተርጓሚ ነው ማለት ይቻላል። ሥርዓቱ ሲሻሻል አስተርጓሚውም ሊለወጥ፣ የኃይል ቁጠባ መቼቱም ወደ ሌላ ደረጃ ሊዛወር ይችላል። በተማሪያችን ላፕቶፕ ላይ በባትሪ ጊዜ ቁጠባው ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሆኖ አገኘነው። ወደ ሙሉ አቅም መለስነውና መኝታ ቤት በባትሪ እንደገና ለካን፤ 100ውም ተመለሱ። ይህ ግን በቂ ማስረጃ አልነበረም፤ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ መቼቱን ሆን ብለን ወደ ነበረበት መለስነው፤ መቆራረጡም ተመለሰ። ዳግመኛ ስናስተካክለው ጠፋ። መንሥኤውን አግኝተናል ያልነው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

አንባቢው በቤቱ የሚከተለው ቅደም ተከተል

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በማቆሙ ሥርዓታቸውን ያሻሻሉ አንባብያን ብዙ ይሆናሉ። ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ከቀላሉና ጉዳት ከማያመጣው እርምጃ ጀምሮ ቢቀጥል ይጠቀማል።

1ኛ. ፋይሎችን በሌላ ዲስክ መገልበጥ። ይህ ሳይደረግ ምንም አይነካ።

2ኛ. በዚያው ቦታ ስልክን መሞከር። ስልኩም ከተቋረጠ ላፕቶፑን መውቀስ አይገባም።

3ኛ. ራውተሩን በፒንግ መጠየቅ፤ በቻርጀርና በባትሪ፣ በቅርብና በሩቅ።

4ኛ. የኃይል ቁጠባውን ማስተካከል። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የገመድ አልባ ካርዱን መርጠን፣ ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ገጽ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት እናነሣለን፤ ገጹ በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ አይገኝም። በኡቡንቱ ደግሞ ኔትወርክ ማኔጀር የሚያነበው የዋይፋይ ፓወርሴቭ ዋጋ 3 ሲሆን ቁጠባው ይሠራል፤ 2 ሲሆን ይቆማል።

5ኛ. ድራይቨሩን መመልከት። በዊንዶውስ ሮል ባክ ድራይቨር የሚለው ትእዛዝ ካልደበዘዘ ወደ ቀድሞው ድራይቨር ይመልሳል። አለበለዚያ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ተገቢውን ማውረድ ነው። ዋይፋዩ ጨርሶ እምቢ ካለ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔቱን መጠቀም ይቻላል።

6ኛ. ቻናሉን መፈተሽ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል ከ1 እስከ 13 የተቆጠሩ ቻናሎች በ5 ሜጋኸርዝ ይራራቃሉ፤ አንድ ስርጭት ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ይይዛል። ሳይደራረቡ አብረው የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ብዙ ቤተሰብ ተጎራብቶ በሚኖርበት እንደ ጀሞ ባለ ሰፈር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከማሻሻያ በኋላ ላፕቶፑ የአገሩን መቼት እንደ አሜሪካ ከወሰደ ደግሞ ቻናል 12 እና 13ን ላያይ ይችላል።

7ኛ. ይህ ሁሉ ካልረዳ ብቻ፣ ያውም ፋይሎቹ በሌላ ቦታ መኖራቸው ከተረጋገጠ በኋላ፣ ፎርማት ማድረግ።

ማጠቃለያ

ባለሙያውም ተማሪዋም ማሻሻያውን መጠርጠራቸው ልክ ነበር። ነገር ግን «ከማሻሻያው በኋላ መጣ» ከሚለው በቀጥታ ወደ «ሁሉም ይደምሰስ» መዝለል የአምስት ወር ድካም ሊያስከፍል ነበር። አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ መምጣቱ የምርመራው መነሻ ይሆናል እንጂ ፍርድ አይሆንም። አንድ በአንድ ለውጦ መለካት፣ መልሶም ማረጋገጥ ያሻል። ለዚህ ደግሞ የፈጀብን አንድ ከሰዓትና አንድ የኤክስቴንሽን ገመድ ብቻ ነው።

ለአንባብያን መልመጃ እንዲሆን አራቱን ልኬቶች በየቤታችሁ ሞክሯቸው፤ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ውጤቶቹ ምን ያህል እንደሚዋዥቁም መዝግቡ። ዋይፋያችሁ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ጤነኛ ሳለ የተመዘገበው ቁጥር በታመመ ጊዜ ማነጻጸሪያ ይሆናችኋል።